«የየራሳቸውን ይቻሉ»፦ ከይግባኝ በኋላ የሚነሣ የወጪና ኪሳራ ክርክር ከዋግ ኽምራ አንጻር

መግቢያ

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች የታተሙባቸውን ቅጾች የሚያገላብጥ ተመራማሪ በብዙዎቹ ውሳኔዎች ፍጻሜ ላይ ተመሳሳይ ትእዛዝ ያገኛል፤ ግራ ቀኙ ያወጡትን ወጪና ኪሳራ የየራሳቸውን ይቻሉ የሚል ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መዝገቡ ተዘግቶ ወደ መዝገብ ቤት እንዲመለስ የሚሰጠው ትእዛዝ ብቻ ነው። አነጋገሩ ለጆሮ የተለመደ፣ ማንንም የማያስቀይም ይመስላል። ዳኛው የደከመበት ጭብጥ ከፍ ብሎ ተጽፏልና ይህ የመጨረሻ መስመር እንደ መዝጊያ ቀመር ይታለፋል።

ለተከራካሪው ግን መስመሩ ቀመር አይደለም። በወረዳ ፍርድ ቤት ተረትቶ፣ ይግባኝ ብሎ፣ በመጨረሻ የረታ ገበሬ ሙግቱ አትራፊ ያደረገው ወይም ባለዕዳ አድርጎ የሸኘው መሆኑን የሚያውቀው ከዚህ መስመር ነው። ይህ ጽሑፍ በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከይግባኝ በኋላ ወጪና ኪሳራን ማን ሊሸከም እንደሚገባ የሚነሡትን ዋና ዋና ክርክሮች ያብራራል፤ ክርክሮቹም ከሰቆጣና ከዋግ ኽምራ ደጋና ቆላ ለሚነሣ ባለጉዳይ ምን ትርጉም እንዳላቸው ያሳያል።

ከውርርድ ወደ ወጪና ኪሳራ

የተረታ ይከፍላል የሚለው ሐሳብ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። በጥንቱ የሙግት ሥርዓት ተሟጋቾች በእሰጥ አገባ ላይ ሳሉ ማር፣ በቅሎ ወይም ፈረስ ይወራረዱ ነበር። የዋግ ሹሞች መቀመጫ በነበረችው ሰቆጣም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ክፍል ሙግት የአንደበትና የኪስ ፈተና ነበር። ሆኖም በውርርዱና በዛሬው ወጪና ኪሳራ መካከል መሠረታዊ ልዩነት አለ። የተረታው ወገን ውርርዱን የሚያገባው በአብዛኛው ለዳኛው ወይም ለገዥው ነበር፤ የረታው ሰው በሙግቱ ያጠፋውን ጊዜና ሀብት የሚተካለት አልነበረም። ውርርዱ በከንቱ የሚሟገተውን የሚቀጣና ዳኝነቱን የሚያስተዳድር እንጂ ለረቺው የሚክስ አልነበረም።

የዘመናዊው ሕግ መነሻ ከዚህ ይለያል። የወጪና ኪሳራ ዓላማ የረታው ወገን መብቱን ለማስከበር ሲል ከኪሱ ያወጣው ገንዘብ መብቱን ራሱን እንዳይበላበት ማድረግ ነው። ቅጣት አይደለም፤ ካሳም በሙሉ ትርጉሙ አይደለም። መተኪያ ነው። ከዚህ በታች የሚነሡት ክርክሮች ሁሉ የሚመለሱት ወደዚህ ዓላማ ነው።

የሕጉ አቋም

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ስለ ወጪና ኪሳራ የሚደነግገው በቁጥር 462 እና በተከታዮቹ ነው። ቁጥር 462 በሕግ በግልጽ በሌላ አኳኋን ካልተደነገገ በቀር ወጪና ኪሳራን የመወሰን ጉዳይ ለፍርድ ቤቱ ፍቅድ ሥልጣን የተተወ መሆኑን ይገልጻል። ፍርድ ቤቱ ወጪውን ማን እንደሚከፍል፣ ከየትኛው ንብረት እንደሚከፈልና እስከ ምን መጠን እንደሚከፈል የመወሰን ሙሉ ሥልጣን አለው። ተከታዮቹ ድንጋጌዎች ወጪ የተፈረደለት ወገን ዝርዝር አዘጋጅቶ እንዲያቀርብና ፍርድ ቤቱ ዝርዝሩን መርምሮ መጠኑን እንዲወስን ያደርጋሉ። የዳኝነት ክፍያ፣ የጥብቅና አበል፣ የምስክሮች መጓጓዣና ውሎ አበል፣ የባለሙያ ክፍያ የመሳሰሉት በዝርዝሩ የሚገቡ ናቸው። ችሎቶች ዝርዝሩን አንድ በአንድ ከመመርመር ይልቅ አንዳንድ ጊዜ ተመጣጣኝ ነው ያሉትን ገንዘብ በጅምላ ይወስናሉ፤ ይህም በልማድ ቁርጥ ኪሳራ ይባላል።

የድንጋጌውን ባሕርይ ለመረዳት ከምንጩ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። የኢትዮጵያ የሥነ ሥርዓት ሕግ ብዙ ደንቦቹን የወረሰው ከ1908 እ.ኤ.አ. የህንድ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። የህንዱ ሕግ ክፍል 35 ወጪን ለፍርድ ቤቱ ፍቅድ ሥልጣን ከተወ በኋላ አንድ ገደብ ያክላል፤ ወጪው የክርክሩን ውጤት እንዳይከተል ያዘዘ ፍርድ ቤት ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያሰፍር ያስገድደዋል። የኢትዮጵያው ቁጥር 462 ሰፊውን ሥልጣን ሲወስድ ይህን ገደብ አልወሰደም። በመሆኑም በህንድ «የተረታ ይከፍላል» የሚለው መነሻ፣ «የየራሳቸውን ይቻሉ» የሚለው ደግሞ ምክንያት የሚጠየቅበት ልዩ ሁኔታ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ሁለቱም በእኩል ደረጃ ከዳኛው ፊት የተቀመጡ ምርጫዎች ሆነዋል።

በዓለም ላይ ሁለት ተቃራኒ ልማዶች አሉ። በእንግሊዝና እርሷን በተከተሉ አገሮች ወጪ ውጤቱን ይከተላል። በአሜሪካ ደግሞ በመርሕ ደረጃ እያንዳንዱ ወገን የጠበቃውን ክፍያ ራሱ ይችላል። የኢትዮጵያ ሕግ ሁለቱንም አልመረጠም። ይሁን እንጂ ፍቅድ ሥልጣን ማለት ያለ ምክንያት መወሰን ማለት አይደለም። የዚሁ ሕግ ቁጥር 182 ፍርድ የተወሰነባቸውን ጭብጦችና የውሳኔውን ምክንያት እንዲይዝ ይጠይቃል። ወጪና ኪሳራ የተጠየቀበት መዝገብ ላይ የጥያቄው መልስ የፍርዱ አካል ከሆነ ምክንያት የሚጠየቀው ስለ ዋናው ጉዳይ ብቻ ነው ማለት አስቸጋሪ ነው።

የይግባኙ መንገድ ከሰቆጣ ሲታይ

የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር በ1994 ዓ.ም. በተሻሻለው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ዕውቅና ካገኙት የብሔረሰብ አስተዳደሮች አንዱ ሲሆን ዋና ከተማው ሰቆጣ ነው። ከደሃና፣ ከጋዝጊብላ፣ ከዝቋላ፣ ከአበርገሌ፣ ከሰሃላ ወይም ከጻግብጂ የሚነሣ ክርክር በወረዳ ፍርድ ቤት ይጀመርና በይግባኝ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ከዚያም ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መቀመጫ ባሕር ዳር ነው፤ በላሊበላና በጋሸና በኩል የሚወስደው መንገድ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጉዳዩ የመጨረሻ ውሳኔ አግኝቶ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለበት ከተባለ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት እስከ ሰበር ሊደርስ ይችላል፤ ይህም ባለጉዳዩን አዲስ አበባ ያደርሰዋል።

በዚህ መንገድ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ከከተማ ነዋሪ ወጪ የሚለየው በመጠኑ ብቻ ሳይሆን በመልኩም ነው። ከተከዜ ሸለቆ ቀበሌዎች የሚነሣ ሰው መኪና የሚያገኝበት ቦታ እስኪደርስ በእግሩ ይጓዛል፤ ከተማ ሲደርስ ከዘመድ ቤት ያድራል፤ ለስንቁ ከቤቱ በሶ ይይዛል፤ ለማመልከቻ ጸሐፊው የሚከፍለውን ፍየል ወይም ማር ሸጦ ያገኛል። ኽምጥኛ አፍ መፍቻው የሆነ ባለጉዳይ በአማርኛ የተጻፈ የይግባኝ አቤቱታ ሲያስጽፍ ጉዳዩን በቃል የሚያስረዳለት ሰው ይዞ ይሄዳል፤ የዚያም ሰው የቀን ሥራ ይጓደላል። ይህ ሁሉ እውነተኛ ወጪ ነው፤ ደረሰኝ ግን የለውም።

የነገሩን ክብደት ለማየት ለማብራሪያ ብቻ የታሰበ ምሳሌ ይውሰዱ። አንዲት የደሃና ወረዳ ባልቴት በይዞታዋ ላይ የገባባትን ጎረቤት ከሰሰች እንበል። በወረዳው ፍርድ ቤት ተረታች፤ በከፍተኛው ፍርድ ቤት ፍርዱ ተሽሮ ተፈረደላት፤ ጎረቤቷ ይግባኝ ቢልም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የከፍተኛውን ፍርድ ቤት ውሳኔ አጸና። በመጀመሪያው ደረጃ 4,000፣ በሁለተኛው 7,000፣ በሦስተኛው 19,000 ብር አወጣች ቢባል ድምሩ 30,000 ብር ይሆናል። መሬቱ በዓመት 10,000 ብር ኪራይ የሚያወጣ ከሆነና በየደረጃው «የየራሳቸውን ይቻሉ» ከተባለ፣ የሙግቱን ብድር ለመክፈል የረታችውን መሬት ለ3 ዓመት ማከራየት አለባት ማለት ነው። መሬት በሕገ መንግሥቱ የማይሸጥ የማይለወጥ በመሆኑ ከይዞታዋ ቆርሳ ዕዳዋን ልትከፍል አትችልም። በፍርድ ያገኘችውን መሬት በብድር ምክንያት ሌላ ሰው ያርሰዋል።

ክርክር የሚነሣባቸው ነጥቦች

የመጀመሪያው ነጥብ የሥር ፍርድ ቤት የወጪ ትእዛዝ ፍርዱ ሲሻር ምን ይሆናል የሚለው ነው። ወጪ የዋናው ፍርድ ተከታይ ነው። ፍርዱ በሙሉ ከተሻረ በእርሱ ላይ ተመሥርቶ የተሰጠው የወጪ ትእዛዝ መቆሚያ አይኖረውም። ገንዘቡ በአፈጻጸም ተከፍሎ ከሆነም የከፈለው ወገን እንዲመለስለት ሊጠይቅ ይገባል። ችግር የሚፈጠረው የይግባኙ ፍርድ ቤት ስለ ራሱ ደረጃ ወጪ ብቻ ተናግሮ ስለ ሥሩ ዝም ሲል ነው። «በዚህ ፍርድ ቤት» የሚለው የተለመደ አነጋገር በጥንቃቄ ሲነበብ የሚሸፍነው የይግባኙን ደረጃ ብቻ ነው። በዚህም የተነሣ በወረዳ የወጣው ወጪ ባለቤት ያጣ ጥያቄ ይሆናል፤ አፈጻጸሙን የያዘው ፍርድ ቤት በፍርዱ ያልተጻፈ ነገር ማስፈጸም አይችልም፤ ባለመብቱም እንደ አዲስ የሚጠይቅበት በር ይጠበዋል።

ሁለተኛው በከፊል መርታት ነው። ይግባኝ ባይ ከጠየቀው ግማሹን ብቻ ሲያገኝ፣ ወይም መልስ ሰጪው በቁጥር 340 መሠረት መስቀለኛ ይግባኝ አቅርቦ ሁለቱም በየበኩላቸው አንዳንድ ነጥብ ሲረቱ፣ «የየራሳቸውን ይቻሉ» ማለት ተገቢ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ሕጉ «እስከ ምን መጠን» የሚለውን የመወሰን ሥልጣን የሰጠው ለዚህ ዓይነቱ ሁኔታ ነው። ሦስት አራተኛውን የረታ ወገን ምንም ካልረታ ወገን እኩል ወጪውን እንዲችል ማድረግ ማካፈል አይደለም።

ሦስተኛው ጉዳዩ ወደ ሥር ፍርድ ቤት ሲመለስ የሚነሣው ነው። በቁጥር 341 ወይም 343 መሠረት መዝገቡ ሲመለስ ይግባኝ ባዩ በይግባኙ ረትቷል፤ በዋናው ጉዳይ ግን ገና አልረታም። ከሁለት አንዱ መንገድ ሊመረጥ ይችላል፤ የይግባኙን ወጪ ወዲያው መወሰን፣ ወይም የመጨረሻው ውጤት እስኪታወቅ ማቆየት። ሁለተኛው መንገድ ለፍትሕ የቀረበ ነው፤ በሥር ፍርድ ቤት የሥነ ሥርዓት ስህተት ምክንያት ይግባኙን የረታ ሰው በፍሬ ነገሩ ሊረታ ይችላልና። የማይመቸው ሦስተኛው ልማድ ነው፤ መዝገቡን እየመለሱ የይግባኙን ወጪ በየራስ ማስቀረት። ከዚያ በኋላ በወረዳ የሚረታው ሰው በሰቆጣ ያወጣውን ገንዘብ የሚጠይቅበት ቦታ የለውም።

አራተኛው የቀጠሮ ወጪ ነው። ቀጠሮ እንዲለወጥ ያደረገው ወገን በሌላው ላይ ያደረሰውን ወጪ እንዲከፍል ማዘዝ በሕጉ የታወቀ ነው። ነገር ግን ቀጠሮው የተጓደለው በማንም ጥፋት ካልሆነስ? በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ዋግን ባዳረሰበት ጊዜ ሰቆጣን ጨምሮ በርካታ አካባቢዎች ሥራ ተስተጓጉሎባቸዋል፤ ከአበርገሌና ከዝቋላም ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሏል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የተጓደለ ቀጠሮ ወጪ በአንዱ ወገን ላይ ቢጣል ጥፋት የሌለበትን መቅጣት ይሆናል፤ የየራስ መቻል ትክክለኛ ቦታው እዚህ ላይ ነው።

አምስተኛው ማስረጃ ነው። ዝርዝሩ ደረሰኝ ሲጠይቅ በደረሰኝ የሚኖር ሰው ይጠቀማል። ጠበቃ ያቆመና በአውቶቡስ የመጣ ተከራካሪ ወረቀት አለው፤ በእግሩ የመጣና ከዘመድ ቤት ያደረ የለውም። በነጻ የሕግ ድጋፍ የተረዳ ሰውም ተመሳሳይ ችግር ይገጥመዋል። በባሕር ዳርና በጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች እንደሚሰጠው ያለ አገልግሎት ያገኘ ባለጉዳይ የጥብቅና አበል አልከፈለምና አይተካለትም፤ ያጠፋው ጊዜና ያወጣው መጓጓዣ ግን ይቀራል። በደሃ ደንብ መክሰስን የሚፈቅዱት ከቁጥር 467 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎችም የሚያቃልሉት የዳኝነት ክፍያን ነው፤ መንገዱን አያሳጥሩም።

የየራስ መቻል ተከራካሪ ምክንያቶች

ትእዛዙን የሚደግፉ ምክንያቶች ክብደት የላቸውም ማለት አይቻልም። ዋነኛው ምክንያት ስህተቱ የፍርድ ቤት ነው የሚለው ነው። በይግባኝ የሚሻር ፍርድ የተሳሳተው የሥር ዳኛ ነው፤ መልስ ሰጪው በእጁ የገባውን ፍርድ ከመከላከል ሌላ ያደረገው ነገር የለም። ስለዚህ በዳኛ ስህተት እርሱ ለምን ይከፍላል? ክርክሩ በተለይ በሰበር ደረጃ ጠንከር ይላል። ሰበር ሰሚ ችሎት የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ነው፤ የሚሰጠው ትርጉምም በሌሎች ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ ስለሆነ ጥቅሙ ከሁለቱ ተከራካሪዎች አልፎ ለሕዝብ ይተርፋል። ሕጉ ግልጽ ባልነበረበት ነጥብ በቅን ልቦና የተከራከረን ሰው በወጪ መቅጣት ተገቢ አይመስልም።

ሁለተኛው ምክንያት ድሃን ከሙግት እንዳያስፈራ ነው። የተረታ ሁሉ የሌላውን ወጪ እንዲከፍል ከተደረገ አቅም የሌለው ሰው እውነተኛ መብት ይዞም ይግባኝ ለማለት ይፈራል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 የተረጋገጠው ፍትሕ የማግኘት መብት በወጪ ፍርሃት ሊሸረሸር ይችላል።

ለመጀመሪያው ምክንያት የሚሰጠው መልስ፣ የዳኛው ስህተት የመጣው ከባዶ አይደለም የሚል ነው። የተሻረው ፍርድ የተሰጠው መልስ ሰጪው ባቀረበው ክስ ወይም መከላከያ መሠረት ነው፤ በሙግቱ ሳለ የፍርዱን ጥቅም ሲያገኝ የቆየውም እርሱ ነው። ከሁለት ጥፋት የሌለባቸው ሰዎች አንዱ ወጪውን መሸከም ካለበት መብት የሌለው መሆኑ የተረጋገጠው ወገን ቢሸከም ይሻላል። ለሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ፍርሃቱ ሁለት ወገን እንዳለው ማስተዋል ያሻል። ወጪው እንደማይተካለት የሚያውቅ ድሃ ፍርዱ የተሳሳተ መሆኑን እያወቀም ይግባኙን ይተወዋል፤ አቅም ያለው ባለጋራው ግን ጉዳዩን ወደ ላይ በመጎተት ብቻ ሊያደክመው ይችላል። የየራስ መቻል ሚዛኑን እኩል የሚያደርገው ሁለቱ ወገኖች እኩል አቅም ሲኖራቸው ብቻ ነው። ከላይ በምሳሌው የታየችው ባልቴት በሦስተኛው ደረጃ ያወጣችው 19,000 ብር እርሷ የፈለገችው ወጪ አልነበረም፤ ጎረቤቷ ይግባኝ ስላለ የመጣባት ነው።

ከክርክሩ ሁሉ የሚወጣው መደምደሚያ አንዱ ትእዛዝ ሁልጊዜ ትክክል፣ ሌላው ሁልጊዜ ስህተት መሆኑ አይደለም። የየራስ መቻል ሕጉ አሻሚ በነበረበት፣ ሁለቱም በተመጣጠነ ሁኔታ በረቱበት ወይም ጥፋቱ የማንም ባልሆነበት ጉዳይ ተገቢ ነው። ምክንያት ሳይጻፍ ሲታዘዝ ግን ተገቢ የሆነውን ካልሆነው መለየት አይቻልም። ቅር የተሰኘው ወገንም ዳኛው ሥልጣኑን እንዴት እንደተጠቀመበት የሚመረምርበት መነሻ አያገኝም፤ ያልተነገረ ምክንያት በይግባኝ አይነቀፍም።

ማጠቃለያ

ችግሩን ለማቃለል የሕግ ማሻሻያ እስኪመጣ መጠበቅ ግድ አይደለም። በነባሩ ቁጥር 462 ሥር አራት ነገሮች ሊደረጉ ይችላሉ። የይግባኝ ፍርድ ቤት ወጪን በየራስ ሲያደርግ ምክንያቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍ፤ ፍርድ ሲሽር ወይም ሲያሻሽል ስለ ሥር ፍርድ ቤቱም ወጪ በግልጽ መናገር፤ መዝገብ ሲመልስ የይግባኙን ወጪ ከመጨረሻው ውጤት ጋር እንዲታይ ማቆየት፤ ደረሰኝ ለማይገኝለት የገጠር ወጪ ደግሞ ርቀትንና የቀጠሮ ብዛትን መሠረት አድርጎ ቁርጥ ኪሳራ መወሰን። በተከራካሪ በኩልም በይግባኝ አቤቱታው መጨረሻ ላይ የሁሉንም ደረጃዎች ወጪ ለይቶ መጠየቅና የቀጠሮ ቀኖችን መዝግቦ መያዝ ይጠቅማል። በሽምግልና የሚያልቅ ጉዳይም ቢሆን በስምምነቱ ላይ እስከዚያ የወጣውን ወጪ ማን እንደሚችል ካልተጻፈ እርቁ ራሱ አዲስ ጠብ ይወልዳል።

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው የአበው ብሂል የሚናገረው ስለ ንብረት መጠን አይደለም፤ ሰው ምክንያቱ ከተነገረው ትልቁን ማጣት እንደሚችል፣ ምክንያቱ ካልተነገረው ግን ትንሹም እንደሚያንገበግበው ነው። ወጪና ኪሳራ በዳኛው ፊት ካለው ዋና ጭብጥ ጋር ሲነጻጸር ጭብጦ ሊመስል ይችላል። ከዝቋላ ወይም ከደሃና ተነሥቶ ፍየሉን ሸጦ ባሕር ዳር ለደረሰ ሰው ግን ያቺ ጭብጦ ስንቁ ናት፤ በፍርድ ትሂድ ቢባል እንኳ የፍርዱን ምክንያት ሊሰማ ይገባዋል።